ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ሲም

ከእናንተ መካከል «ዘ ሲምስ»ን የሚጫወት ካለ ርዕሱን አይቶ ፈገግ ብሏል። የማያውቀው ደግሞ ትንሽ ይታገሰኝ። ጌሙ ጥይት የለውም፤ የሚገደል ጠላት የለውም፤ «አሸነፍክ» ብሎ የሚጨርስበት ቦታም የለውም። ሰው ትሠራላችሁ። («ፈጠርን» ስንል የወጣቶች መሪያችን ቅንድቡን ስለሚያነሳ እኛ ቤት «ሠራን» ነው የሚባለው።) ሲርበው ታበሉታላችሁ፣ ሲደክመው ታስተኙታላችሁ። ሥራ ይገባል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። የሚናገረው የትም አገር የሌለ ቋንቋ ነው፤ ያም ሆኖ ሲቆጣና ሲያፈቅር ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የመጀመሪያውን ጌም የነደፈው ዊል ራይት የተባለ አሜሪካዊ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ጌሙ በጠቅላላ ሳይሆን ስለ ዩኒቨርሲቲው ነው። በጌሙ ላይ በየጊዜው ተጨማሪ ክፍሎች እየተሠሩ ይሸጣሉ፤ ከእነዚህ መካከል ሦስቱ የካምፓስ ሕይወት ላይ ያተኮሩ ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2005 ለሲምስ 2፣ ሁለተኛው በ2013 ለሲምስ 3፣ ሦስተኛው በ2019 ለሲምስ 4 ወጡ። ተጫዋቾች ሲገናኙ የትኛው እንደሚሻል ሳይከራከሩ አይለያዩም፤ እኔም ሐሳብ አለኝ።

የ2013ቱን ቶሎ ልለፈው። ተማሪዎቹን በሦስት ቡድን ይከፍላቸዋል፦ ቀለሜ፣ ስፖርተኛ፣ አመፀኛ። ካምፓስ የገባችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰው እንዲህ በሦስት ሳጥን አይገባም። ጠዋት ኳስ ሜዳ፣ ማታ ላይብረሪ የሚገኝ ልጅ የት ይመደብ?

የ2005ቱ ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረ፤ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሲማችሁ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ዩኒቨርሲቲ ከገባ «ወጣት» ይባላል፤ ለዚህም አዲስ የዕድሜ እርከን ተሠርቶለታል። ስምንት ሴሚስተር ይማራል፣ ዶርም ያድራል፣ ጓደኛ ያፈራል። ካልገባ ግን ልደቱ ሲደርስ በቀጥታ ጎልማሳ ይሆናል። በመካከል ምንም የለም። ትናንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚመስል፣ ዛሬ ሸክም የበዛበት ትልቅ ሰው። ተምሮ የተባረረም እንዲሁ ነው፤ የተባረረ ዕለት ወጣትነቱ ያልቃል። በዚህ ላይ ሲሙ ካምፓስ እስካለ ድረስ ወላጆቹ አያረጁም፤ ሰፈሩ ውስጥ ጊዜ ቆሞ ይጠብቀዋል። (ይሄኛውን ብናገኘው ማን ይጠላል? ለእረፍት ቤት ስትመለሱ የእናታችሁ ሽበት ባይጨምር።)

የማውቃቸው ተጫዋቾች በዚህ ሕግ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ዩኒቨርሲቲ ዋጋ እንዲኖረው ያደረገው እኮ ይሄ ነው፤ መግባት ስጦታ ነበር» ይላል። ሌላው ወገን ስምንቱ ሴሚስተር ስለሚረዝምበት እንጂ ስለ ፍትሕ ብዙም አይጨነቅም። እኔ ሕጉ ክፉ ይመስለኛል። ግን ጌሙን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል፤ ሕጉን ቤታችን ውስጥም አውቀዋለሁና። ውጤት በወጣ ሰሞን «ስንት አመጣሽ?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ መልሷ ትንሽ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ምን ሥራ አሰብሽ?» ነው። ወዲያው ጎልማሳ አደረግናት ማለት ነው። በየአጥቢያችንም ወደ ካምፓስ ለሚሄዱት የሽኝት ፕሮግራም እናዘጋጃለን፤ መድረክ ላይ ወጥተው ይጸለይላቸዋል፣ ኬክ ይቆረሳል። ደስ ይላል፤ ይቀጥል። በዚያ ምሽት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡትን ግን አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? ዕድሜያቸው ከተሸኙት ጋር እኩል ነው።

ታናሽ እህቴ ከሚያጨበጭቡት አንዷ ነበረች። የ2014 ተፈታኝ ናት። ያን ዓመት ታስታውሳላችሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር፤ ተፈታኞቹ እዚያው ዶርም እያደሩ ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እህቴ የምታውቀው የካምፓስ ሕይወት እነዚያን ጥቂት ሌሊቶች ነው። የላይኛው አልጋ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ማን እንደሳቀ፣ ሌሊት በባትሪ ማን እንዳጠና አሁንም ታወራለች። ፈተናው በተሰጠበት በዚያው በጥቅምት 2015 የሲምስ 4 መሠረታዊ ጌም ለሁሉም በነፃ ተለቀቀ። የዩኒቨርሲቲው ክፍል ግን በገንዘብ ነው፤ ኋላ ላይ ገዝቶ የሰጠን ሜሪላንድ ያለው የአክስታችን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሦስተኛው ጌም ልንገራችሁ። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አሉት፤ ብራይትቼስተር የጥንቱን አዳራሽና የኪነ ጥበቡን ትምህርት የሚወድ፣ ፎክስበሪ ደግሞ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ የሚያደላ። የትምህርት ዘርፎቹ 13 ናቸው። (አንደኛው የክፋት ትምህርት ነው፤ እውነቴን ነው፤ በክፋት ዲግሪ ይሰጣል። መምህራኑ ከየት እንደመጡ አትጠይቁኝ።) ለመመረቅ 12 ኮርስ ያስፈልጋል፤ በአንድ ተርም ከአንድ እስከ አራት መውሰድ ይቻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሲም አመልክቶ አይመለስም። ለከፍተኛው ማዕረግ ዲግሪ ብቻ ነው ችሎታው የሚመዘነው፤ ለተራው ዲግሪ በሩ ክፍት ነው።

ተጫዋቾች በዚህኛው ላይ ሁለት ቅሬታ ያነሳሉ። የመጀመሪያው፣ ሲማችሁ ክፍል ሲገባ አታዩትም። ሕንፃው በር ላይ ይሰወራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል። በዚህ ቅሬታ እስማማለሁ፤ ሌክቸሩ፣ አስተማሪው፣ ኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ልጅ ሁሉ ግድግዳ ውስጥ ቀርቷል። ሁለተኛው ቅሬታ ሥራው በዛ የሚል ነው፤ በየኮርሱ የቤት ሥራ፣ ጽሑፍ ወይም ፕረዘንቴሽን፣ በሳምንቱ መጨረሻ ፈተና። አራት ኮርስ የወሰደ ሲም ለመታጠብ እንኳ ጊዜ ያጣል። «ጌም የምጫወተው ልዝናና እንጂ ላጠና ነው?» ይላሉ።

በዚህኛው አልስማማም፤ ምክንያቴ እህቴ ናት። አንዲት ልጅ ሠራች፤ ፎክስበሪ፣ ባዮሎጂ፣ አራት አራት ኮርስ። እኔ «ሁለት ሁለት ውሰጂ፣ ይቀልሻል» ብላት አልሰማችኝም። የ50,000 ሲሞሊዮን ቺት እንዳለም ታውቃለች፤ አልነካችውም። ሲሟ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የጉልበቷ መለኪያ ቀልቶ፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስትጽፍ እህቴ ከጎኗ ሆና «በርቺ፣ ሁለት ገጽ ነው የቀረሽ» ትላታለች። ዩኒቨርሲቲው ቀላል ቢሆን ኖሮ እህቴ በሁለተኛው ቀን ትተወው ነበር ብዬ አስባለሁ። የፈለገችው ኮፍያውንና ጋውኑን አልነበረም። ፊቷ የተዘጋው ድካሙ ነበርና ድካሙን ፈለገችው።

የአክስታችን ልጅ ግን ጌሙን ሌላ ቦታ ላይ ነው ያየው። ለክፍያ ገንዘብ ያጠረው ሲም የተማሪ ብድር መውሰድ ይችላል፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያበቃል። እህቴ በቪዲዮ እያሳየችው ልትጫን ስትል «ቆይ! እሷን ቁልፍ አትንኪያት!» ብሎ ጮኸ። እሱ የእውነተኛውን ብድር ገና እየከፈለ ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ስለ ወለድ አስረዳን፤ እኛም ኮስት ሼሪንግ ስለሚባለው የእኛው አገር የወጪ መጋራት ነገርነው። ከጌሙ ይልቅ ያ ወሬ ሳያስተምረን አልቀረም።

የጎደለ ነገር ልጨምር? ካምፓሶቹ ውስጥ ድግስ፣ ክበብ፣ በአንዳንዶቹም ምሥጢራዊ ማኅበር ሳይቀር አለ፤ ፌሎሺፕ ግን በአንዳቸውም የለም። ከካምፓስ ትዝታቸው ፌሎሺፑን አውጥተው ምን እንደሚተርፋቸው የማያውቁ ብዙ ጓደኞች አሉኝ። እህቴ ሲሟ እሑድ ጠዋት የትም ሳትሄድ ስትተኛ እያየች «ዶርሟ ውስጥ አንድ ሰው ቢያንኳኳላት» ትል ነበር።

ባዮሎጂዋ ተመረቀች። እህቴም አሁን ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታ ኤሌክትሪክ እየተማረች ነው። ባለፈው ሰሞን ሌላ ሲም ሠራች፤ ይሄኛው ወንድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አላስገባችውም። «ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ማውሱን አስጠግታ አሳየችኝ። «ወጣት» ይላል። ከሲምስ 3 ጀምሮ እርከኑ ለሁሉም ነው፤ ለተማረም ላልተማረም። «አየህ፣ አልዘለለውም» አለች፤ ከዚያ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ትንሽ ቆየች።

ሲሙ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶበት ሊጠግን ተንበርክኮ ነበር። መፍቻውን እንደነካ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፤ ጸጉሩ ቆመ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል እንጂ!» ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸችበት። «የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት እኮ ነው!»