ዳገቱን ሰበብ አድርጌ

ሰው የሚናዘዘው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የእኔ ገና አላለፈም፤ ገንዘቡ አልተላከም፣ ዕቃው አልተገዛም፣ እህቴም ቁርጡን እንድነግራት እየጠበቀች ነው። ስለዚህ ጊዜ ሳለ ልናገር።

ነገሩ የኤሌክትሪክ ሳይክል ነው። ሞተሩ ስንት ዋት ይሁን? ጎማውስ ምን ያህል ይስፋ? በወረቀትና በእርሳስ የሚመለሱ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን በምላሴ መለስኳቸው፤ ምላሴም ከራሷ ጨመረችበት።

የምኖረው አቀስታ ነው፣ ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ። ሥራዬ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘርነት ነው። ከምከታተላቸው ትምህርት ቤቶች ገሚሱ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ የቀሩት ጠጠሩ አልቆ የእግር መንገድ ከሚጀምርበት ወዲያ ናቸው። በእግሬ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ በቅሎ እከራያለሁ፣ ቤንዚን የተገኘ ዕለት ደግሞ የሰው ሞተር ላይ እፈናጠጣለሁ። ቤንዚኑም ከተገኘ በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ከማደያው ዋጋ በላይ ተሽጦ ነው። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ይህን ታውቃለች። "ወንድምጋሼ፣ ጉልበትህ ሳያልቅ አንዱን የባትሪ ሳይክል ምረጥና ዋጋውን ንገረኝ" አለችኝ። እኔም "እህትዓለም፣ የእኛ አገር ዳገት ከ1500 ዋት በታች አይቀመስም፤ ጭቃው ደግሞ ባለ 4 ኢንች ጎማ ይፈልጋል" ብዬ መለስኩላት። "እሺ" አለችኝ። ስለ ዋት የምታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው እኔን ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ያ "እሺ" ነው።

ያኔ መሥራት የነበረብኝን ሒሳብ አሁን ልሥራው። እኔ፣ ሳይክሉ፣ ባትሪው፣ ከኋላ የምጭነው የፈተና ወረቀት ተደምረን 120 ኪሎ እንሁን። ዳገቱ 10 ከመቶ ይሁን፤ ማለትም 100 ሜትር በተሄደ ቁጥር 10 ሜትር ከፍ የሚያደርግ። ይህ ለሳይክል ከባድ የሚባል ዳገት ነው። በዚህ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 490 ዋት ገደማ ይበቃል። ጠጠሩ ጎማውን ይዞ የሚያስቀረው ሲታከልበት ወደ 590 ይጠጋል። እግሬ 100 ዋት ቢያዋጣ፣ ይህም ደህና ጎልማሳ ብዙ ሳይጨነቅ የሚያወጣው ነው፣ ለሞተሩ የሚተርፈው 490 ያህል ነው። እንዲያውም በአውሮፓ ሕግ ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው 250 ዋት ሞተር፣ ፍጥነቱን መሥዋዕት ካደረግኩ፣ ከእግሬ ጋር ተጋግዞ ይህንኑ ዳገት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስወጣኛል። በእግሬ ከምወጣው ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንኳ ሳይክል ብሎ የሚቀበለው ከ750 ዋት በታች ያለውን ነው። ታዲያ የእኔ 1500 ከየት መጣ?

ከ10 ከመቶ የባሰ ዳገት እንዳለ አልክድም። ከአንዱ ትምህርት ቤት በታች ያለውን አቀበት ፍየል እንኳ ቀጥ ብላ አትወጣውም። ለእህቴ ስነግራት ያሰብኩት እሱን ብቻ ነበር። ግን እውነቱን ላውጣ፤ እዚያ ቦታ ማንኛውም ሳይክል አይነዳም። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረበት ስለሆነ ወርጄ መግፋቴ አይቀርም። ባለ 1500 ዋቱ ደግሞ በሞተሩም በባትሪውም ከሌላው በብዙ ኪሎ ይከብዳል። ለዚያ አቀበት ብዬ የምገዛው ጉልበት እዚያው አቀበት ላይ ሸክም ይሆንብኛል።

ሻጮች የሚጽፉት ቁጥርም መመርመር አለበት። አንዳንዱ 1000 ዋት ተብሎ የሚሸጠው ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ተጽፎበት ነው፤ ሳይታክት የሚሠራበት ጉልበት ግማሹ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ቢጤ ከዋቱ ይልቅ የሞተሩ ቦታ ይበልጣል። ኋላ ጎማው መሐል የተገጠመ ሞተር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በረጅም ዳገት ላይ ተጎትቶ ፍጥነቱ ሲወርድ የጠጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት እየለወጠ ይግላል፣ ሲብስም ይቃጠላል። ፔዳሉ ሥር የተገጠመው ግን በካቴናው በኩል ስለሚሠራ የሳይክሉን ማርሽ ይጠቀማል። ዳገቱ ሲከብድ ማርሽ ይቀነስለታል፣ እሱ እንደ ልቡ ይሽከረከራል። በእርግጥ ካቴናውን ቶሎ ይበላል፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። በዚህ አሠራር 80 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ያለው 500 ዋት ሞተር፣ ጎማ መሐል ያለ 1000 ዋት የሚያቅተውን አቀበት ሳይግል ሊወጣ ይችላል።

አየሩንም ላንሳ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ዳገቱን በሰበብነት ሳልጠቀም ልናገር የምችለው እውነት አለ። አቀስታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ትጠጋለች፤ አየሩ ከጠረፍ አገር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚን የሚያነድ ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ይጎድለዋል፤ የከተማችን ባጃጆች ተሳፋሪ ሞልተው ዳገት ላይ የሚያቃስቱት ለዚህም ጭምር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ጅዳ ላይ 500 ዋት ከሆነ አቀስታም 500 ዋት ነው። የሚተነፍሰው ጋላቢው ነው። ስለዚህ እርዳታ ያስፈልገኛል ማለቴ ውሸት አልነበረም። የዋሸሁት በመጠኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ፔዳል መምታት አፍሬ ነው።

በእኛ ሰፈር ሳይክል የልጅ ነው። ያውም በገበያ ቀን ብር ከፍለው ተራ በተራ የሚዞሩበት። ጎልማሳ ሰው፣ መምህራን ሊገመግም የሚሄድ ሰው፣ ካቴና እያንጫጫ ላብ በላብ ሆኖ ትምህርት ቤት ግቢ ሲገባ ታየኝ። ተማሪዎቹ ሲጠቃቀሱ ታየኝ። 1500 ዋት የፈለግኩት እግሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ጀርባዬን አቅንቼ፣ ጋቢዬ ሳይዛነፍ ከተፍ ለማለት ነው። ለዚህ ደግሞ የሚከፈለው የሰው ቤት ስታጸዳ ከምትውል ሴት ደመወዝ ነው። በዝርዝር ሲጻፍ ይከብዳል፤ ግን ያው ነው።

በቅሎ የሚያከራዩ ጎረቤት አሉኝ። ሁልጊዜ የማስበው ሰጋሯን፣ ረጅሟን ነው። እሳቸው ግን መንገዴን ሲሰሙ እግሯ አጠር፣ ሰኮናዋ ጠበቅ ያለችውን ያወጡልኛል። "መምህር፣ ያቺ ለሠርግ ናት። አንተ ገደል ነው የምትሄደው" ይላሉ። ሰጋር በቅሎ ላይ መታየት የማይወድ ማን አለ? የእኔ 1500 ዋትና ሰፊ ጎማ ያቺ የሠርጓ በቅሎ ናት።

የጎማውንም ነገር አልደብቅ። ደሴ አንድ ባለ 4 ኢንች ቆሞ አየሁ። ጎማው የሞተር ሳይክል ጎማ ያስንቃል፣ ጥርሱ እንደ አውራ ጣት ወጥቷል። ልጆች ከበውት ይነካኩታል። ቆሜ ከልጆቹ ጋር አየሁት፤ የወደድኩት ያኔውኑ ነው። "ለጭቃ ነው" የሚለው ምክንያት ቤት ከደረስኩ በኋላ የመጣልኝ ነው።

ባለ 4 ኢንች ጎማ የተፈለሰፈው ለበረዶና ለአሸዋ ነው። ነፋሱ በጣም ቀንሶ፣ አንዳንዴ ከ1 ባር በታች ሆኖ፣ በልቅ መሬት ላይ ሳይሰምጥ ለመሄድ። የእኛ ክረምት ዋልካ ሌላ ጠባይ ነው ያለው፤ ይጣበቃል። ሰፊው ጎማ በላዩ ላይ ሲንከባለል እየጠቀለለው ይመጣና ከጭቃ መከላከያው ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ጠበብ ያለው ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት የማግኘት ዕድል አለው። በዚያ ላይ ዋልካው እንደዚያ በሚሆንበት ወቅት እኔም በእግሬ ነው የምሄደው፣ በቅሎም ትቸገራለች። የቀረው የዓመቱ መንገዴ ጠጠርና ድንጋይ፣ ጥቂትም አስፋልት ነው። ለዚህ ከ2.2 እስከ 2.6 ኢንች ጎማ፣ በ2 ባር ገደማ ነፋስ፣ ይበቃል፤ ድንጋዩን ይውጣል፣ አስፋልት ላይም አይጎትትም።

ሰፊው ጎማ እንደማይሆነኝ ከማንም በፊት የነገረኝ አንድ ጎሚስታ ነው። የሳይክሉን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። ግራሶ የነካውን ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ምስሉን አጎላው። ሞተሩን ዘለለው፤ ጎማውን እንኳ ብዙ አላየም። የነፋስ መሙያውን አፍ ፈልጎ አገኘና "ደህና፣ የመኪና አፍ ነው ያለው፤ ቀጭኑ ቢሆን የእኔ ኮምፕሬሰር አይዘውም ነበር" አለ። ከዚያ በሚስማር የተንጠለጠሉትን ካላማዳሪዎች በአገጩ አሳየኝ። "ጋሼ፣ 26 በ2.125 ሞልቷል። የዚህ ግን ቢፈነዳብዎ ከየት ያመጣሉ?" ወደ ነፋስ መለኪያውም ዞረ። ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ነው፤ በ1 ባር መርፌው ንቅንቅ አይልም። ሰፊውን ጎማ እሱ ጋ ባስሞላ በግምት እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ይሰጠኛል፣ እኔም እንደ ኳስ እየነጠርኩ እሄዳለሁ። ጥቂት ዝም አልኩና "ለጭቃ ብዬ ነው" አልኩት። "እሺ" አለኝ እሱም። የእሱ "እሺ" ግን የእህቴን አይመስልም ነበር።

ስለ ፍሬን አንድም ቀን ሳልጠይቅ መቆየቴ ደግሞ ለብቻው ይገርመኛል። ዳገት፣ ዳገት ስል የኖርኩት ሰውዬ የወጣሁትን እንደምወርድ ረስቼዋለሁ። ወይም ለመርሳት ፈልጌያለሁ፤ ፍሬን አይታይማ፣ ማንም ቆሞ አያደንቀውም። 120 ኪሎ 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 160 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሚያርፈው በሁለት ቀጫጭን ዲስኮች ላይ ነው። ከአቀስታ በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ ደሴ የወረደ ሹፌር የፍሬን ሽታ ምን እንደሆነ ያውቃል። ለሳይክልም በሽቦ የሚሳብ ርካሽ ፍሬን እዚህ አገር አይታመንም፤ ባለ ዘይት ዲስክ፣ ሰፋ ያለ፣ 180 ሚሊ ሜትር ይሻላል። እዚህ ላይ ለትልቁ ሞተር አንድ ውለታ ልመልስለት፤ ጎማ መሐል ያለው፣ ጥርስ የሌለው ትልቅ ሞተር ቁልቁለት ላይ ራሱ ፍሬን እየሆነ ባትሪውን ጥቂት ይመልሳል። ፔዳል ሥር ያለው ይህን አይችልም። ለ1500 ዋት ልከራከር ብፈልግ ኖሮ የነበረኝ ደህና መከራከሪያ ይህ ነበር። አላነሳሁትም፤ አላውቀውም ነበርና።

ባትሪው ብዙ አያከራክርም። 48 ቮልት 15 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 720 ዋት ሰዓት፣ ይበቃኛል። 500 ሜትር ከፍታ መውጣት፣ በሞተሩ የሚባክነው ታክሎ፣ 220 ያህል ይወስዳል፤ እግሬ ሲያግዝ ያንሳል። ተፈትቶ ቤት የሚገባ መሆን አለበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የእኛን ገብስ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል። ሌሊት ባና ሸፍኜ ከአልጋዬ አጠገብ አኖረዋለሁ። እህቴ "ስመጣ በሻንጣ ላምጣልህ?" ብላ ነበር፤ አይሆንም። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣም በእጅም አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ከአዲስ አበባ መግዛት ነው።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን በ2016 ሲያስታውቅ፣ እዚህ ብዙ ሰው "የእኛ ጉዳይ አይደለም" ብሎ ነበር። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ግን ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ ሳስብ፣ ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውሃ አባይ ነው የሚገባው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብም በዚያው በአባይ ውሃ ነው የሚሠራው። የእኔን ባትሪ አንዴ መሙላት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። መብራቱ ባይጠፋ ጉዳዩ የእኛም ነበር።

ዛሬ ማታ ለእህቴ የምልከው ይህ ነው። "እህትዓለም፣ የነገርኩሽን ተይው። 500 ዋት፣ ፔዳሉ ሥር የተገጠመ፣ ማርሽ ያለው። ጎማው 26 በ2.4፣ ካላማዳሪው እዚሁ የሚገኝ። ፍሬኑ ባለ ዘይት ዲስክ። ባትሪው 48 ቮልት 15 አምፔር ሰዓት፣ የሚፈታ። ዋጋውን ነገ ጠይቄ እነግርሻለሁ፤ ለመጀመሪያው ካሰብሽው የሚተርፈውን አትላኪው፣ እጅሽ ላይ ይቆይ። 1500 ዋት ያልኩሽ ዳገቱ ጠይቆ አይደለም፤ ፔዳል ስመታ መታየት አፍሬ ነው።"