የእሽቅድምድም መኪና ሲታሰር አየሁ

ለእሽቅድምድሙ ስል ነበር የሄድኩት። የአክስቴ ልጅ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቱ ገና ሳይነጋ ሲቀሰቅሰኝ በሐሳቤ የነበረው የሞተር ጩኸትና የጎማ ጭስ ብቻ ነው። ጩኸቱንም ሰማሁ፣ ጭሱንም አሸተትኩ፤ ሁለቱም ደስ አሉኝ። ልቤን ይዞ የቀረው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ ቀኑን ሙሉ ሲበር የዋለ መኪና ተሳቢ ውስጥ ገብቶ ንቅንቅ እንዳይል ሆኖ ሲታሰር።

መንገዱ ራሱ ቆንጆ ነው። 7 ቁጥር መንገድን ይዘን ሊስበርግን አለፍን፣ የብሉ ሪጅን ተራራ ወጥተን ወረድን፣ የሼናንዶዋን ወንዝ ተሻገርን፣ ቤሪቪል ስንደርስ ጭጋጉ ከሜዳው ላይ ገና አልተነሳም ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ብቻችንን አልነበርንም። ከፊታችንም ከኋላችንም ፒካፖች፣ እያንዳንዳቸው በኋላቸው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ነጭ ተሳቢ እየጎተቱ! "ሁሉም ወደ እኛው ነው የሚሄዱት" አለኝ ጋሼ። የአክስቴ ልጅ ታላቄ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

የምንሄድበት ሰሚት ፖይንት በዌስት ቨርጂኒያ፣ ጀፈርሰን ካውንቲ ውስጥ ያለ የመኪና ውድድር ሥፍራ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ተከፈተ። ዋናው ጎዳናው 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያ አለው፤ ዙሪያው ጫካና የእርሻ መሬት ነው። እኔ የጠበቅሁት ትልቅ ስታዲየም ነበር። ያገኘሁት ግን ሁሉም እርስ በርሱ የሚተዋወቅበት፣ ቡና በቴርሞስ የሚዞርበት፣ ክሪክ የጎደለው ከጎረቤቱ የሚዋስበት ሰፊ ሜዳ ሆነ። ተሳቢው ለባለቤቱ መጋዘን ነው፣ ጋራዥ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መጠለያ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አለማወቄ ገረመኝ!

ጋሼ የመካኒክነት ሙያውን የጀመረው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። አሁን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የጋራዡን አንድ ደንበኛ፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ፣ በውድድር ያግዛቸዋል። የሰውዬው መኪና ማዝዳ ሚያታ ነው፤ በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው ያቺ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ መኪና። ውስጧ ተራቁቷል። ምንጣፍ የለ፣ ሬዲዮ የለ፤ በምትኩ ብትገለበጥ ሹፌሩን የሚያድን የብረት ቧንቧ ተጠላልፎ ተበይዷል። የሚወዳደሩትም ሁሉም በሚያታ ስለሆነ አንዱ ሌላውን የሚቀድመው በገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ በመሪ አያያዙ ነው። ይህ ለእኔ የቀኑ የመጀመሪያ ደስታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውድድሩ አለቀ። ሰው ሁሉ መበተን ሲጀምር እኔም ቦርሳዬን አነሳሁ። "ቆይ፣ ዋናው ሥራ ገና ነው" አለኝ ጋሼ።

የተሳቢው የኋላ ግድግዳ በስፕሪንግና በሽቦ ገመድ ታግዞ ቀስ ብሎ ወረደና መወጣጫ ሆነ። ውስጡ በነጭ መብራት ያበራል፤ ወለሉ ጽድት ያለ፣ በግራና በቀኝ ካቢኔቶች፣ ወለሉ ላይ ደግሞ አራት የብረት ቀለበቶች ተኝተዋል። ርዝመቱ 24 ጫማ፣ ማለት ከ7 ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ነው። የመኪናዋ አፍንጫ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም፣ እና በቀጥታ ቢነዷት መወጣጫው ጫፍ ላይ ትጋጫለች። ስለዚህ ጋሼ ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች አምጥቶ ከመወጣጫው ፊት ዘረጋ። ዳገቱ ለዘብ አለ። ከዚያ በተሳቢው ፊት ለፊት ጥግ ካለው ዊንች ገመድ ስቦ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር አያያዘና ቁልፉን ተጫነ። መኪናዋ ያለ ሹፌር፣ ያለ ሞተር ድምፅ፣ እየተንፏቀቀች ወደ ውስጥ ገባች። ያቺ ከአንድ ሰዓት በፊት ጆሮ ስታደነቁር የነበረች መኪና!

ወለሉ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የፊት ጎማዎቹ እዚያ ምልክት ላይ ሲደርሱ ጋሼ አቆማት፤ አንድ ስንዝር ወደ ፊት፣ ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ አስተካከለ። ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ የቀረውን ሰዓት ሁሉ በሌላ ዓይን እንዳይ አደረገኝ። የተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው የሚጎትተው መኪና መያዣ ላይ ማረፍ አለበት። መኪናዋ ወደ ኋላ ካፈገፈገች የተሳቢው አፍ ይቀልላል፤ ያን ጊዜ ፍጥነት ሲጨምር ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምርና ፒካፑን ጭምር ይዞት ይሄዳል። በጣም ወደ ፊት ከመጣች ደግሞ የፒካፑ የኋላ ባሌስትራ ይጎብጣል፣ የፊት ጎማው መሬት መያዙን ይቀንሳል። ያቺ የቀለም ምልክት ስንት ነገር እንደያዘች!

ከዚያ ጠፍሮቹ ወጡ። ሁለት ኢንች ስፋት ያላቸው፣ ከፖሊስተር የተሠሩ፣ መሃላቸው ላይ ጥርስ ያለው ማጥበቂያ ያለባቸው። ጋሼ አንዱን ዘርግቶ የተሰፋበትን ጽሑፍ አሳየኝ። የሚበጠሰው በ10,000 ፓውንድ ነው፤ እንዲሠራ የሚፈቀድለት ግን 3,333 ብቻ። ሦስተኛው እጅ! ፋብሪካው ራሱ "ሁለት እጁን አትንኩብኝ" ያለ ይመስላል። በእኛ ኪሎ ሲሰላ የሚፈቀደው 1,500 ኪሎ ገደማ ነው። መኪናዋ ሹፌሯ ሳይኖር ከአንድ ቶን ብዙም አታልፍም። አራት ጠፍር ለምን? ብዬ ወዲያው ጠየቅሁ።

ጋሼ ቁጭ አለ። ማስተማር ሲፈልግ ሁልጊዜ ይቀመጣል። የቆመ መኪና ክብደቱን የሚጥለው ወደ ታች ነው፤ ፒካፑ ፍሬን በኃይል ሲይዝ ግን ያው ክብደት ወደ ፊት ይሮጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የንግድ ጭነት መኪኖች እቃቸውን ሲያስሩ ወደ ፊት የመሬት ስበትን 80 በመቶ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን 50 በመቶ የሚያህል ግፊት እንዲችል አድርገው እንዲያስሩ ያዛል። ሰውዬውና ጋሼ ነጋዴዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ደንቡን እንደራሳቸው ይዘውታል። የፊት ጠፍሮች ወደ ፊት ይስባሉ፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ። የኋላዎቹን ጋሼ አጠላልፎ ነው ያሰራቸው፤ የግራው ከቀኝ ቀለበት፣ የቀኙ ከግራ፤ መኪናዋ ወደ ጎንም እንዳትንሸራተት። እያንዳንዱ ጠፍር ከወለሉ ጋር 45 ዲግሪ አካባቢ ያዘነብላል። ቀጥ ብሎ ቢቆም መዝለሏን እንጂ መሮጧን አይከለክልም፣ ተኝቶ ቢዘረጋ መሮጧን ይከለክልና መዝለሏን ይተዋል።

"ጠፍሩን ብቻ አትመኚ" አለኝና ከተሳቢው ሥር እንድገባ አደረገኝ። ጠጠሩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ በባትሪ መብራት ሳይ፣ ከላይ ያየሁት ቀለበት ብሎኖቹ የወለሉን ጣውላ በስተው ወርደው፣ ከሥር ወፍራም የብረት ሳህን ጨብጠው፣ ከሻንሲው አግዳሚ ብረት ጋር ተያይዘዋል። ጣውላው ላይ ብቻ በብሎን የተያዘ ቀለበት ቢሆን ኖሮ፣ በአደጋ ጊዜ ጠፍሩ ሳይበጠስ ወለሉ ተገንጥሎ ይወጣ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱን ተሳቢ ሳይ ሥሩን ማየት ነው የሚያምረኝ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የማጥበቂያው ድምፅ እንዴት ደስ እንደሚል! በየቀጭታው ጠፍሩ ይወጠራል፣ መኪናዋ ትንሽ ትሰጥማለች።

እዚህ ላይ ነው ሜዳው ሁሉ የሚከራከርበትን ጉዳይ ያገኘሁት። ጠፍሩ አካሏን ይያዝ ወይስ ጎማዋን? አካሏን ካሰርሽ፣ ተሳቢው ጉድጓድ ሲገባ መኪናዋ በሞላዎቿ ላይ ትወርዳለች፤ ጠፍሩ ለቅጽበት ይላላል፣ መንጠቆው ከቀለበቱ ሊወጣ ይችላል። ይህን ለመከላከል ሞላውን ጨቁኖ ማሰር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሞላና አሞርዛተሩ ሙሉ መንገዱን ተጨቁነው ይጓዛሉ። ጎማውን ካሰርሽ ግን ጎማው ወለሉን አይለቅም፣ አካሏ በሞላዎቿ ላይ እንደልቧ ትወዛወዛለች፣ መንገድ ላይ እንደምትሆነው። ጋሼና ሰውዬው የመጀመሪያው ወገን ናቸው። ከጎናችን ያሉት ሁለት ወንድማማቾች ጎማውን ባለሦስት አቅጣጫ መረብ አልብሰው ሲያስሩ ሳይ፣ እናት ልጇን በአንቀልባ ስታዝል ታየኝ። ጋሼን አከብረዋለሁ፤ ፍርዴ ግን ለወንድማማቾቹ ነው።

ሦስተኛውን መንገድ ያየሁት ሜዳው ጫፍ ላይ ነው። አንዲት ሴት ቀጭን፣ ጎማዋ ከአካሏ ውጪ የሆነች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ትጭናለች። ከኋላ የሚታየው ሞተር አላስቻለኝም። ይህን ሞተር አውቀዋለሁ! ቮልስ ነው! አዲስ አበባ ሕፃናት እየቆጠሩ የሚያልፉት የዚያ መኪና 1200 ሲሲ ሞተር፣ የራሱ ካንቢዮ፣ የራሱ የፊት አክስል። ፎርሙላ ቪ ይሉታል፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይወዳደሩበታል፤ መኪናው ከነሹፌሩ ግማሽ ቶን አይሞላም። ሴትዮዋ መኪናዋን በክሪክ አንስታ ከሆዷ ሥር ሁለት በላስቲክ የተለበጡ እንጨቶች አስገባችና መልሳ አወረደቻት። አሁን ክብደቱ ያረፈው እንጨቱ ላይ ነው፤ ሞላው አይጨነቅም፣ አሞርዛተሩ አይሠራም። ከዚያ አካሏን በአራቱም በኩል ጠፍራ ቀረቀረቻት። ስለ ቮልስ ስነግራት ደስ ብሏት ኮፈኑን ከፈተችልኝ፤ የአዲስ አበባን ቮልሶች ፎቶ በስልኬ አሳየኋት። ሁለታችንም አንድ ዘመድ እንዳገኘን ሰው ነበር የሳቅነው።

ቆሜ ሳይ አገሬ በዓይኔ መጣ። አውቶቡስ ተራ ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጡት ረዳቶች፣ አልጋና ፍራሽ፣ ማዳበሪያና ቢጫ ጀሪካን ደርድረው በገመድና በተቀደደ ከመነዳሪ የሚያስሩት። ላስቲኩ ይሳብና ይመለሳል፤ ጉድጓዱን አብሮ ይችላል። ረዳቱ ጨርሶ ሸራውን በመዳፉ ሲመታ ድምፁን የሚሰማው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጋሼም ጠፍሩን ሲጨርስ በመዳፉ ነው የመታው። አንዱ የሚያውቀው በእጁ ነው፣ ሌላው በእጁም በቁጥሩም፤ እና ቁጥሩ ለረዳቶቻችንም እንዲደርስ ከልቤ እመኛለሁ። ጭነቱ ተንሸራቶ የተገለበጠ መኪና ዳር ቆሞ ያላየ የአገሬ መንገደኛ የለም።

ከመውጣታችን በፊት ጋሼ ባትሪውን ከማጥፊያው አጠፋ፣ ማርሽ አስገባ፣ የጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አደረገ። የእጅ ፍሬኑን አልሳበም፤ ከውድድር የወጣ ዲስክ ትኩስ ስለሆነ የፍሬኑ ሸራ ተጭኖት መቀዝቀዝ የለበትም። በተሳቢው ጎን ካለችው ትንሽ በር ወጣና ቆለፋት።

ቤሪቪል ነዳጅ ማደያ ስንደርስ ነዳጅ ሳንፈልግ ቆምን። ጠፍር ከተጓዘ በኋላ ይረጋል፣ ይላላል፤ ለጭነት መኪኖች ደንቡ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይል ውስጥ ቆሞ መፈተሽን ያዛል። ተሳቢው ውስጥ ገባንና ጋሼ አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ። "የኋላ ግራውን አንቺ" አለኝ። ጨበጥኩት። ልል ብሏል! ሁለት ቀጭታ ጨመርኩ፣ እጀታውን አጥፌ ቆለፍኩ፣ በመዳፌ መታሁት፤ ጥሩ ድምፅ ሰጠ።

የሚቀጥለው ውድድር ወደ ደቡብ ነው፤ ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ፣ 3.27 ማይል ጎዳና፣ በ1957 ሲከፈት ካሮል ሼልቢ ያሸነፈበት። ጋሼ የመግቢያ ትኬት ሊቆርጥልኝ ሲነሳ ሌላ ነገር ነው የጠየቅሁት፦ አሌክሳንድሪያ ላይ ሲጫን ከመጀመሪያዋ ጠፍር ጀምሮ እንድገኝ። እሺ ብሎኛል። ወንድማማቾቹ ጎማ ላይ የሚያስሩትን መረብ የት እንደገዙትም ጠይቄ ይዣለሁ፤ እስከዚያው ጋሼን ላሳምነው ነው።