ጤዛ የማይፈታው ካርታ

ጤዛ እንደ ዝናብ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ደመና አይሰበስብም፣ አያጉረመርምም፣ ቆርቆሮ ላይ አይንጫጫም። እንዲያውም የሚወደው ሌሊት ሰማይ ተመልካቹ የሚወደውን ሌሊት ነው፤ ነፋስ የሌለበት፣ ደመና ያልጋረደው፣ ከዋክብቱ ቁልጭ ብለው የሚታዩበት። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሣሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ወረቀትም ሙቀታቸውን ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ከከበባቸው አየር ይልቅ ሲቀዘቅዙም አየሩ የተሸከመው እርጥበት በላያቸው ጠብታ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ለሜዳ የሚሆን የከዋክብት ካርታ የሚመርጥ ሰው ማሰብ ያለበት ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ ጤዛ ነው። ዝናብ ከመጣማ ካርታውን ማን ይዘረጋዋል?

ነገሩ በደጋ አገር ይበረታል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ ምድሩ ግን የጠጣውን ውሃ ገና አልጨረሰም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በጥቅምት ሌሊት ሜዳ ላይ የተተወ ወረቀት ጎሕ ሳይቀድ ይርሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጤዛው ቦታውን ለውርጭ ይለቃል።

በዚያች ከተማ የሚያስተምሩ አንድ የፊዚክስ መምህር ነበሯቸው ከሚሏቸው ንብረቶች ሁሉ አንድ የከዋክብት ካርታ ይበልጥባቸው ነበር። ካርታው ባለ ቀለም፣ አራት ቦታ የሚታጠፍ፣ ዋጋው ከሌሎች ካርታዎች የማይለይ ነበር። ልዩ ያደረገው ጠርዙ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ነው። መምህሩ ወደ ደጋው ከመዛወራቸው በፊት ለዓመታት በያቤሎ አካባቢ ሲያስተምሩ፣ ማታ ማታ ከቦረና ሽማግሌዎች ጋር እየተቀመጡ የሰሙትን በካርታው ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። ከሰባቱ ከዋክብት ጎን «ቡሳን»፣ ከሦስት ማዕዘኑ ኅብረ ከዋክብት ጎን «ላሚ» ብለዋል። ቦረናዎች ወራቸውን የሚቆጥሩት ጨረቃ ከነዚህና ከሌሎች የታወቁ ከዋክብት ጋር ጎን ለጎን የምትታይበትን ቀን እየተከታተሉ ነው። አያንቱ የሚባሉት የዘመን ቆጣሪዎቻቸው ስሌቱን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል፤ ወረቀትም፣ ወረቀት የሚያረጥብ ጤዛም አያሰጋቸውም። መምህሩ ግን የወረቀት ልጅ ናቸውና ጻፉ። የጻፉትም በአብዛኛው በውሃ ቀለም እስክሪብቶ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው አንድሮሜዳን ሲያሳዩ፣ ካርታው ሁለት ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቆየ። ሲመለሱ ረጥቦ አገኙት፤ እንደረጠበም አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በማግሥቱ ሲከፍቱት ቀለሙ ፈሶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኗል፤ ማጠፊያው ተቀድዷል፤ የቀረው በእርሳስ የተጻፈው ብቻ ነው። የእርሳስ ግራፋይት በውሃ አይሟሟም። አንድ ባልደረባቸው ሊያጽናናቸው ፈልጎ፣ ስሞቹ እንደሆኑ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ስለ ገዳ ሥርዓት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኙ ነገራቸው። እውነቱን ነው። ነገር ግን በየትኛው ሌሊት ማን ምን እንዳለ፣ በተለይም ሁለት ሽማግሌዎች ሳይስማሙ ያደሩባት አንዲት ኮከብ የትኛዋ እንደነበረች፣ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

የካርታ ምርጫ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ውሃን አጥብቆ የሚገፋ ገጽ ብዙ ጊዜ እስክሪብቶንም ይገፋል፤ ጽሑፍን በፍቅር የሚቀበል ወረቀት ደግሞ ጤዛንም በፍቅር ይቀበላል።

ተራ ወረቀት በዕፅዋት ቃጫ የተሠራ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ያውም በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ፤ ለዚህ ነው የሚሸበሸበው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚያብረቀርቀው የመጽሔት ዓይነት ወረቀት ነው። ሲነኩት ውሃ የሚችል ይመስላል። ሁለት ገጾች ረጥበው ተጋጥመው ከደረቁ ግን እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ፤ ሲያላቅቋቸው ከዋክብቱ ከአንዱ ገጽ ተልጠው በሌላው ላይ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ አትላስ የገዛ ሰው ቤት ውስጥ ቢያነበው ይሻለዋል።

ቀላሉ መፍትሔ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ላሚኔት ማስደረግ ነው። ሆኖም ሠራተኛው «አምሮ እንዲታይ» ብሎ ፕላስቲኩን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር እኩል ከቆረጠው ልፋቱ ከንቱ ነው። ውሃ በተቆረጠው የወረቀት ጎን ገብቶ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል የታሰረ እርጥበት ደግሞ ቶሎ አይወጣም። በዙሪያው ቢያንስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ መቅረት አለበት። ቀዳዳ የሚበሳውም በዚያው ትርፍ ላይ ነው። የሚያብለጨልጨው ፕላስቲክ የባትሪውን ብርሃን መልሶ ዓይን ውስጥ ስለሚረጭ፣ ከተገኘ ደብዘዝ ያለውን መምረጥ ይበጃል፤ እርሱ እርሳስንም በመጠኑ ይቀበላል።

ሁለተኛው መንገድ ከፕላስቲክ የተሠራ ሠራሽ ወረቀት ነው። ውሃ አይጠጣም፣ በቀላሉ አይቀደድም። ጥንቃቄ የሚሻው በማተሙ ላይ ነው፤ ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን የሚያጣብቀው በከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ፣ ለዚያ ያልተዘጋጀው ዓይነት ማሽኑ ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። ሌዘር ራሱ ግን ይመረጣል፤ ዱቄቱ ቀልጦ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ነውና ጤዛ አይፈታውም፤ የብዙ ኢንክጄት ማተሚያዎች ቀለም ግን እንደ መምህሩ እስክሪብቶ ይፈሳል።

ታትሞ የሚሸጠውን የሚፈልግ ሰው የኔዘርላንዳዊውን የዊል ቲሪዮንን «ስካይ አትላስ 2000.0» ማየት ይችላል። በ26 ትልልቅ ሉሆች የተዘጋጀ ሲሆን ላሚኔት የተደረጉ እትሞችም ወጥተውለታል። ለሜዳ የታሰበው እትም ነጭ ከዋክብት በጥቁር ሰማይ ላይ ያሳያል። ያምራል፤ ግን በጥቁር ላይ በእርሳስ ምን ይጻፋል? ጥቁር ከዋክብት በነጭ ላይ ያሉበት ለሥራ ይሻላል። ቀይ መስመር የበዛበትን ካርታ ደግሞ መተው ነው፤ ተመልካች ዓይኑ ጨለማውን እንደለመደ እንዲቆይ በቀይ ብርሃን ያነባል፣ በቀይ ብርሃን ሥር ደግሞ ቀይ ቀለም ከነጩ ወረቀት አይለይም።

ውሃ ከመቻሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ካርታው የየትኛው አገር ሰማይ ነው የሚለው ነው። በቀንና በሰዓት የሚዞሩት ክብ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሰሜን ለሚኖር ሰው ነው። በአዲስ አበባ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት፤ ሰሌዳው ግን የሰማይ እኩሌታ ላይ ይሰቅላታል፤ ግንቦት ማታ በደቡብ በኩል በግልጽ የሚታየውን የደቡብ መስቀል ደግሞ ጨርሶ ያስቀረዋል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ 1 ዲግሪ ላይ ባለችው በናይሮቢ የሰሜን ኮከብን መፈለግ ራሱ ከንቱ ድካም ነው። ለዚህ ቀጠና የሚሆነው ሰሜኑንና ደቡቡን በሁለት ፊት የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። ለማያገለግል ካርታ ፕላስቲክ ማልበስ ስህተቱን ዕድሜ መስጠት ነው።

ተማሪዎች «ቲቸር፣ ስልክ ላይ አለ እኮ!» ይላሉ። አለ። ግን የስልክ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ያህል ጨለማ የለመደን ዓይን በቅጽበት ይመልሰዋል፤ ብርዱ ባትሪውን ያደክማል፤ የረጠበ መስታወትም ጣትን ከጤዛ አይለይም።

መምህሩ ዛሬ በሌዘር የታተሙ ነጠላ ሉሆችን ይዘው ይወጣሉ፤ ግማሾቹ ላሚኔት የተደረጉ፣ ግማሾቹ በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ያሉ ተራ ወረቀቶች፤ ማስታወሻ የሚጻፈው በእነዚህኛዎቹ ላይ፣ በእርሳስ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ጃንጥላ ይዘረጋሉ፤ ጃንጥላው ወረቀቱን ከሰማይ ስለሚጋርደው ቶሎ አይቀዘቅዝም። ወደ ቦረና የሚሄድ ሰው ሲያገኙም ስለዚያች ሁለት ሽማግሌዎች ስላልተስማሙባት ኮከብ እንዲጠይቅላቸው አደራ ይላሉ።

የረጠበ ሉህ ከእንግዲህ ታጥፎ ቦርሳ አይገባም። ንጋት ላይ አንድ በአንድ ከኪሱ ወጥቶ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቀላል፤ ለወተት የሚወጡት ጎረቤት በአጥሩ አሻግረው አይተው፣ «መምህር፣ ዛሬም የተማሪ ፈተና አጠቡ?» ይሏቸዋል።