ለሁሉም እስኪደርስ



በቅርቡ ቤታችን ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን፣ የጃፓን ተማሪዎች ምሳቸውን እንዴት እንደሚበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አየን። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሉት እዚያው በሚማሩበት ክፍል ነው። ተራ የደረሳቸው ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ቆብና ማስክ አድርገው ምግቡን ያመጣሉ። ሩዙንና ሾርባውን ለጓደኞቻቸው እየጨለፉ ያድላሉ። አስተማሪያቸውም አብሯቸው ተቀምጦ ያንኑ ይበላል።

እኛን የነካን ግን ሌላ ነገር ነው። ምግብ የቀረበለት ልጅ ቶሎ አይነካውም። ሾርባው ቢቀዘቅዝም የመጨረሻው ልጅ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ከዚያ ሁሉም መዳፋቸውን አጋጥመው በአንድ ድምፅ «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ «በትሕትና እቀበላለሁ» እንደ ማለት ነው። ሲጨርሱም «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» ብለው አመስግነው ዕቃውን ራሳቸው ያነሣሉ።

የዚህ ምሳ ታሪክ የሚጀምረው ከድሆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በያማጋታ ግዛት፣ ጹሩኦካ በተባለች ከተማ፣ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ምሳ መያዝ ለማይችሉ ልጆች ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ መስጠት ጀመረ። በ1954 ደግሞ የትምህርት ቤት ምሳ በሕግ ተደነገገ። ዛሬ ያለውም የሌለውም ልጅ ከአንድ ድስት የወጣውን ይበላል።

ቪዲዮው ሲያልቅ ዝም አልን። ከዓመታት በፊት የሆነ ነገር ትዝ ብሎን ነበር። በአንድ ጉባኤ ላይ እንደ ተለመደው እኛ አገልጋዮች ቀድመን ለምሳ ተጠራን። ለብቻችን በተዘጋጀ ጠረጴዛ በላን፤ ደግመንም አነሣን። ስንወጣ ወጥ ሲሠሩ ያደሩ አንዲት እናት ባዶውን ድስት ሲያጥቡ አገኘናቸው።

«እማማ፣ እርስዎስ በሉ?» አልናቸው።

«እናንተ ከበላችሁ ይበቃኛል፣ ልጆቼ» አሉን።

ያን ዕለት ጠዋት ያስተማርነው ስለ ጌታ እራት ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ የቆሮንቶስን ምእመናን ሲወቅስ፣ በማዕዳቸው ላይ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራብ ነበር። ያዘዘላቸው መድኃኒትም ከባድ አይደለም፤ ለመብላት ሲሰበሰቡ እንዲጠባበቁ ብቻ ነው። እኛ ማዕድ እንባርካለን፤ ረጅም ጸሎትም እንጸልያለን። የኋለኛው ሰው ደርሶት እንደ ሆነ ግን ዞር ብለን አናይም።

በእርግጥ ሥርዓት ብቻውን ልብን አይለውጥም። በዚያው በጃፓንም ሳህኑን ካልጨረስክ ተብሎ የተገደደ ልጅ የምሳ ሰዓትን የሚፈራበት ጊዜ አለ። ፍቅር የሌለበት ሥርዓት ሸክም ይሆናል። ሥርዓት የሌለው ፍቅርም እማማን ጦማቸውን ያውላቸዋል።

ወገኖች ሆይ፣ በሚቀጥለው ማዕዳችን ማንኪያ ከማንሣታችን በፊት ወደ ኋላ እንመልከት። ያልደረሰው ማን ነው?

ጌታ ሆይ፣ የደቀ መዛሙርትህን እግር ያጠብህ አንተ፣ ቀድመን መቀመጥ የለመድነውን እኛን ቆመን ማደል አስተምረን። አሜን።