ማጭድና መጥረቢያ

ኤሉል 2፣ 5782፤ ሰኞ። ነታንያ

ሙቀቱ ሌሊትም አልለቀቀም። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ነፋስ ግን የለም። ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልፈረምኩም። የማታ መድኃኒት ሳይሰጥ የቀረው በሥራ ባልደረባዬ ፈረቃ፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ስም የእኔ። «አስረክቤያታለሁ» ብላለች። አላስረከበችኝም። ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።

መድኃኒቱ የቀረባቸው አዛውንት ደህና ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጄ በስልክ፦ «እማ፣ አንቺም ጻፊ። ዝም ካልሽ አምናለች ይሉሻል።» እናቴ ደግሞ፦ «ቻይው ልጄ። የላይኛው ያያል።» ሁለቱም ስለሚወዱኝ ነው። የማንን እንደምሰማ አላውቅም።

ጠዋት ከምኩራቡ የሾፋር ድምፅ። የይቅርታው ወር ገብቷል።

ኤሉል 4፣ ረቡዕ

የማታው ትምህርት። ረቢው በዕብራይስጥ ያነባሉ፣ ለትልልቆቹ በአማርኛ ይፈቱታል። ወሩን በሙሉ ስለ ቁጣ ሊያስተምሩ ነው። የእኔን ነገር ማንም አያውቅም፤ ቢሆንም ደነገጥኩ።

የመምህሩ የሂሌል ታሪክ፣ ከታልሙድ። ሁለት ሰዎች ይወራረዳሉ፤ ሂሌልን ያስቆጣ 400 ዙዝ ይወስዳል። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሰንበት ሊገባ ሲል። ሂሌል ራሱን ይታጠባል። ሰውየው ደጅ ላይ ቆሞ ሂሌል የሚባለው ማን ነው እያለ ይጮኻል፤ ማዕረግ የለ፣ አክብሮት የለ። ሂሌል ልብሱን ደርቦ ወጣ። የባቢሎን ሰዎች ራስ ለምን ክብ ሆነ? ሂሌል ራሱ ከባቢሎን የመጣ ነው እኮ። ጥያቄው ስድብ ነው። እሱ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው ብሎ መለሰለት፤ አዋላጆቻቸው ብልሃቱን ስለማያውቁ ነው አለው። ሰውየው ሄደ፣ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የተድሞር ሰዎች ዓይን። ሄደ፣ ተመለሰ። የአፍሪካ ሰዎች እግር ለምን ሰፊ ሆነ?

እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ እግራቸውን ሲያዩ አየሁ።

ሂሌል የመለሰው በረግረግ ውኃ መካከል ስለሚኖሩ ነው ብሎ ነው። እግሩ ለመሬቱ ተስማምቶ ተሠርቷል ማለቱ መሰለኝ። አልሰደበንም። በመጨረሻ ሰውየው ተናደደና በአንተ የተነሳ 400 ዙዝ አጣሁ አለ። ሂሌልም፣ ሂሌል ከሚቆጣ አንተ 400 ላይ ሌላ 400 ብታጣ ይሻላል አለው።

ወደ ቤት ስመለስ ያሰብኩት፦ ሂሌልን ሰውየው ጊዜውን ነው የወሰደበት። በሐሰት አልከሰሰውም። ስሙ በደብዳቤ አልተጻፈም። ይህን ማንሳት ነበረብኝ ይሆን? አላነሳሁም።

ኤሉል 6፣ ዓርብ

ለሰንበት ዳቦ ጋገርኩ። ደህና ወጣ፤ እኔ ግን አልበላልኝ አለ።

በሐሳቤ ከእሷ ጋር እከራከራለሁ፣ በአማርኛ። እሷ አማርኛ አትሰማም። በሐሳቤ ግን ትሰማለች፣ መልስም ታጣለች። እንዲህ ሲሆን ይነጋል።

ኤሉል 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተገናኘን። «ቦከር ቶቭ» አለች፣ እንደምን አደርሽ፣ እንደ ወትሮው። መለስኩላት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

በቆዳዬ ምክንያት ይሆን? በሌሎቹ ላይ እንዲህ ስታደርግ አላየሁም። ምናልባት ፈርታ ቅርብ ያገኘችውን ስም ጠርታ ይሆናል። እውነቱን አላገኘውም። በዚህ አገር ስንት ጊዜ ይህን ጥያቄ ተሸክሜ ወደ ቤት ገባሁ፤ ከበደሉ እኩል የሚያደክመኝ ጥያቄው ነው።

ኤሉል 11፣ ረቡዕ

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19፣ ቁጥር 18። በቀልን ይከለክላል፣ ቂምንም ይከለክላል። ታልሙድ ሁለቱን የሚለይበት ምሳሌ፦ አንድ ሰው ጎረቤቱን ማጭድህን አውሰኝ ይለዋል። ይከለክለዋል። በማግስቱ የከለከለው ሰው መጥቶ መጥረቢያህን አውሰኝ ይላል። «ማጭድህን ስለከለከልከኝ አልሰጥህም» ካለው ይህ በቀል ነው። «እንካ፣ እኔ እንዳንተ አይደለሁም» ብሎ ከሰጠው ይህ ቂም ነው።

አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ረቢ፣ ሰጠው እኮ! ከሰጠው ምን ኃጢአት አለበት?»

«ሰጥቶታል እናቴ። ግን ማጭዱን በልቡ ይዞት ነው የሰጠው» አሉ ረቢው።

ሴትዮዋ አልተዋጠላቸውም። እኔም ገና አልተዋጠልኝም። እንግዲህ ልብ እንዴት ይታዘዛል? እጅን ዘርጊ ቢሉኝ እዘረጋለሁ። ልብን?

ታልሙዱ ራሱ እዚያው ይከራከራል። ይህ ስለ ገንዘብና ስለ ዕቃ ነው፣ ሰው ተዋርዶ ሲያዝን ነገሩ ሌላ ነው የሚል ሐሳብ ይነሳል። ይህን ስሰማ ልቤ ቀለል አለ። ወዲያው ደግሞ ተሰድበው መልሰው የማይሳደቡትን ስለሚያመሰግነው ቃል ይመጣል፣ በኃይሏ በምትወጣ ፀሐይ የሚመስላቸው። ቀለል ያለው ተመልሶ ከበደ። አንዱ ሌላውን አሸንፎ አይዘጋም፤ ሁለቱም ገጹ ላይ ጎን ለጎን ቀርተዋል። ለዚህ መጽሐፍ ያለኝ ፍቅር ዛሬ ጨመረ።

ኤሉል 15፣ እሑድ

በአበሻ አቆጣጠር መስከረም 1። ጎረቤቴ የልጆች አበባዮሽ በስልክ ላከችልኝ። ጎንደር ዝናቡ እያባራ ነው አሉ። እዚህ ደረቅ ሰማይ።

ኤሉል 17፣ ማክሰኞ

እናቴ ዘንድ። ቡና አፈላሁ። ደብዳቤውን አሳየኋት፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ወረቀቱን እጇ ላይ አድርጋ ቆየች።

«በእኛ ጊዜ በአምቦበር ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር» አለች። «በዳይም ተበዳይም ይጠራል። ሁለቱም ይናገራሉ። የተጣላ ሰው እንዲሁ ተኮራርፎ አስተስርዮን አይጾምም።» ዮም ኪፑርን ማለቷ ነው። ቄሱ ከመጽሐፈ ሲራክ ስለ ቁጣና ስለ ቂም ያነቡ እንደነበር ነገረችኝ፤ በግዕዝ፣ ከዚያ በአማርኛ። የጎረቤቱን በደል ያልተወ ሰው የራሱን ምሕረት እንዴት ይለምናል የሚለውን ታስታውሰዋለች። ረቢውን ስለ ሲራክ ጠይቄያቸው ነበር፤ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልገባም፣ ታልሙድ ግን ስሙን እየጠራ ይጠቅሰዋል ብለውኛል። ስነግራት ደስ አላት። አባቶቻችን ታልሙድ ባይኖራቸውም ከዚያው ምንጭ ቀድተዋል።

እሷ ሁልጊዜ ቻይው ትላለች። ዛሬ የነገረችኝ ግን መቻልን ብቻ አይደለም። ሁለቱም ይናገራሉ ብላለች። ይህን ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

እዚህ ማንን ሽማግሌ ልላክ?

ኤሉል 18፣ ረቡዕ

ራምባም፣ የጥንቱ የሕግ መምህር። ሰው ሲበድልህ በልብህ እየጠላኸው ዝም አትበል ይላል፤ ይህ የክፉዎች መንገድ ነው። ማስረጃው አቤሴሎም ነው። ወንድሙ አምኖን እኅታቸውን ትዕማርን ካዋረደ በኋላ አቤሴሎም ክፉም ደግም አልተናገረውም። ሁለት ዓመት። ከዚያ በበግ ሸለታው ግብዣ ላይ አስገደለው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በዝምታ። ያየ ሰው ሁሉ አቤሴሎም እንዴት ያለ ታጋሽ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ፈራሁ። እኔ ማንንም አልገድልም። ግን ጠዋት ጠዋት የምመልስላት ቦከር ቶቭ ከየትኛው ወገን ነው?

ራምባም የሚያዘው በግልጽ መናገርን ነው፦ ለምን ይህን አደረግህብኝ፣ በምንስ በደልኩህ ብሎ መጠየቅ። ይህም ከዚያው ከዘሌዋውያን 19 የተወሰደ ነው፣ ቁጥር 17፤ ወንድምን በልብ አለመጥላት፣ መገሠጽ። ከበቀሉ ክልከላ በፊት ነው የተጻፈው። በልቡ ፈጽሞ ይቅር ብሎ ምንም ላለመናገር የመረጠ ሰው ደግሞ የጻድቃንን መንገድ ይዟል ይላል፤ ኦሪት የምትጠነቀቀው ስለ ጥላቻው ነውና።

እንግዲህ ሁለት በር አለ። ሦስተኛው፣ ዝም ብሎ መጥላት፣ ተዘግቷል። እኔ የቆምኩት ሦስተኛው ላይ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

ኤሉል 22፣ እሑድ

መጣች። የሮሽ ሃሻና፣ የአዲስ ዓመቱ፣ ዋዜማ ፈረቃዋን እንድይዝላት። እናቷ ሆስፒታል ገብታለች።

መጥረቢያው መጣ።

እስከ ነገ ላስብ አልኳት።

ኤሉል 23፣ ሰኞ

«እሺ» አልኳት። «እኔ እንዳንቺ አይደለሁም» አላልኩም። በአፌ አላልኩም።

እናቷን እግዚአብሔር ይማርልሽ አልኳት። ይህን ከልቤ ነበር ያልኩት፤ እኔም እናት አለችኝ።

ኤሉል 25፣ ረቡዕ

ልጄን ይዤው ሄድኩ። ደስ አላለውም፣ መጣልኝ ግን።

ኦሪት ዘኁልቁ 12። ማርያምና አሮን ስለ ኩሻዊቷ የሙሴ ሚስት ሲናገሩ። ሙሴ መልስ አልሰጠም። ኦሪት እዚያው ላይ ከሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደነበር ትመሰክርለታለች። ማርያም በለምጽ ስትመታ የጮኸላት ያው ሙሴ ነው፤ ጸሎቱ በዕብራይስጥ አምስት ቃል ብቻ። የበደለችውን እንድትድን ለመነላት።

እኔ የማስበው ስለ ኩሻዊቷ ነው። እሷ ምን አለች? አልተጻፈም። የተናገሩት ስለ እሷ፣ ዝም ያለው ባሏ፣ የተሟገተው እግዚአብሔር።

ልጄ ተነሳ። «ረቢ፣ ሁልጊዜ እኛን ነው ቻሉ የሚሉን። በ1996 የእኛ ሰዎች የለገሱት ደም ሲጣል እነ እማዬ ኢየሩሳሌም ወጡ። በ2015 ሆሎን ላይ ፖሊስ የእኛን ወታደር ሲደበድብ እኔ ራቢን አደባባይ ነበርኩ። ያኔ ሂሌልን መሆን ነበረብን?»

ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። አሳፍሮኝ፣ አኩርቶኝም።

ረቢው አልተቆጡም። ዘሌዋውያን 19ን እንዲያነብ ሰጡት፣ ከቁጥር 16 ጀምሮ። ባልንጀራህ ደሙ ሲፈስ ቆመህ አትይ የሚለው 16 ነው። ግሠጽ የሚለው 17። አትበቀል፣ ቂም አትያዝ የሚለው 18። «ሦስቱን አንድ ላይ አንብብ። 18ን ብቻ ቆርጦ የሚሰጥህ ሰው ኦሪትን አልሰጠህም» አሉት። ሰው ለራሱ የደረሰበትን ስድብ ሊተው ይችላል፤ በሌላው ላይ የሚደርሰውን በደል ግን እሱ ሊተውለት አይችልም አሉ።

ልጄ መኪና ውስጥ ብዙ አልተናገረም። ቤት ስንደርስ፦ «ረቢው ሰው ናቸው» አለ።

ኤሉል 29፣ እሑድ

የእሷን ፈረቃ ሠራሁ። መድኃኒቱን ሰጠሁ፣ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። ከሰዓት ወጣሁ። ድስቱ ሳይጣድ ነበር፤ እኅቴ ደረሰችልኝ። እናቴ በዓሉን ዛሬም ብርሃን ሠረቀ ነው የምትለው።

ቲሽሪ 3፣ 5783፤ ረቡዕ

የገዳልያ ጾም። ገዳልያን የገደለው ከራሱ ወገን የሆነ ሰው ነው። ራስ ምታት።

ማታ ረቢው ስለ ይቅርታ ልመና። የበደለ ሰው ይሂድ፣ ይለምን፤ እምቢ ካሉት ሦስት ወዳጆቹን ይዞ ይመለስ፤ እስከ ሦስት ጊዜ። ያን ቀን እግራቸውን ያዩት ሽማግሌ ጭናቸውን መቱ፦ «ሽማግሌ መላክ ማለት እኮ ነው!» ሁሉም ተንጫጫ። ደስ የሚል ጫጫታ።

እሷ ግን አልለመነችኝም። ያልለመነን ምን እናድርገው? ሳይለመኑ መሄድም አለ፣ መናገርም አለ አሉኝ።

ቲሽሪ 7፣ እሑድ

ነገርኳት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ ሁለታችን ብቻ። ሌላ ሰው ፊት ማሳፈር ክልክል ነው፤ ይህንም ተምሬያለሁ። ዕብራይስጤ እንዳይጠፋብኝ ማታ ተለማምጄው ነበር። «አላስረከብሽኝም። ለምን እንደዚያ አልሽ? ምን አድርጌሽ ነው?»

ቀላች። «እንደዚያ አላስታውሰውም» አለች። ከዚያ፦ «በዚያ ሳምንት እናቴ ታማ ነበር።» ከዚያ ስልኳ ጠራ።

ይቅርታ አላለችም። አልካደችምም። ምን እንደምለው አላውቅም።

ማታ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቲሽሪ 9፣ ማክሰኞ

ጾሙ ከመግባቱ በፊት። ነጭ ልብሴ ተተኩሷል። በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል፣ በዳዩ ባልንጀራውን ካላስታረቀ ዮም ኪፑር አያስተሰርይለትም ይላል ሚሽና። ይህ የእሷ ዕዳ ነው። የእኔ ዕዳ ሌላ ነው።

ማር ዙጥራ የሚባል መምህር አልጋው ላይ ሲወጣ ላሳዘኑት ሁሉ ይቅር ይል ነበር አሉ፣ በየሌሊቱ። በየሌሊቱ መሆኑ ደስ አለኝ፤ አንዴ ብሎት አልበቃውም ማለት ነው። ትናንት ማታ ሞከርኩት፣ ስሟን ጠርቼ። ግማሹ እውነት ነበር። ዛሬም እለዋለሁ።

ደብዳቤው ግን በመሥሪያ ቤቱ ፋይሌ ውስጥም አለ። ረቢውን ጠየቅኳቸው፦ ስሜን ማጥራት በቀል ነው ወይ? አይደለም፤ ስለ እሷ የምትጽፊው እውነቱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን፣ ከዚያ አንዲት ቃል አትጨምሪ አሉ። አንዲቷን ቃል መተው ነው የሚከብደው።

ሐሙስ ለኃላፊዋ እጽፋለሁ። ዕብራይስጡን ልጄ ያስተካክልልኛል። የሚጨምረውን እሰርዛለሁ።