ስለ ዘመናዊው ስልክ፤ ማንን ያቀርባል፤ ማንንስ ያርቃል?

በዚህ ዘመን አንድ የቤተ ሰብ አባት ደጋግሞ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ፤ «እስከ ዛሬ ስማርት ስልክ ያልያዝከው ስለ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባ፤ አንዳንድ ጊዜ ባለ ሱቅ፤ ብዙ ጊዜ ግን የገዛ ልጅ ነው። እኛም ከአርባ ዓመት በላይ የሆነን፤ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገን ዲቁና የተቀበልን፤ በኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን እነሆ ዛሬ በመምህርነት የምንተዳደር ስንሆን፤ ባለ ቁልፉን ስልክ ይዘን ብዙ ዓመት ቈይተናል። ይህን ያደረግነው አዲሱን ነገር ከመጥላት የተነሣ አይደለም፤ በእጃችን ያለው ስልክ ለሚያስፈልገን ሥራ ስለ በቃ ነው እንጂ። ዘንድሮ ግን ነገሩን እንደ ገና እንድንመረምር የሚያስገድድ ምክንያት በቤታችን ስለ ደረሰ፤ እንዴት እንደ መከርንበትና ምን እንደ ወሰንን መግለጽ በዚሁ ሐሳብ ላይ ላሉ ቤተ ሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን ይህን ጽፈናል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች፤ ይልቁንም ከካህናቱ ወገን የሆኑ፤ ይህ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ተቃውሞውን እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ተንቀሳቃሽ ስልክም ከመቶ ዓመት በኋላ፤ በ1991 ዓ.ም. ገባ። ዛሬ የማኅበሩን ተራና የዝክሩን ቀን የምንጠራራው በስልክ ነው፤ ስልክ የሌለው ካህን ማግኘትም ያስቸግራል። ከዚህ የምንማረው፤ አዲስ ነገርን መፍራት ነገሩን ማወቅ እንዳልሆነ ነው። እንዲሁም አዲስ ነገርን መጐምጀት ነገሩን ማወቅ አይደለም።

ስለዚህ ከፍርሃትም ከጉጉትም ርቀን፤ በመጀመሪያ የያዝነው ስልክ ምን ምን እንደሚሠራ ቈጠርን። ብዙ ሰዎች ስማርት ስልክ ለመግዛት የሚያቀርቡት ምክንያት የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ «ያለ እርሱ ገንዘብ መላክና መቀበል አይቻልም» ይላሉ። ይህ ግን እውነት አይደለም። ከግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብር በባለ ቁልፉም ስልክ *127# በመደወል ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞችም *889# ደውለው ሒሳባቸውን ማየትና ገንዘብ ማስተላለፍ ይችላሉ። እኛም ለዘመድ የምንልከው በዚሁ ነው። ደግሞም ባለ ቁልፉ ስልክ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ብዙ ቀን ይቈያል፤ መብራት በጠፋ ሌሊት በግንባሩ ያለችው ባትሪ መንገድ ታሳያለች፤ ቢወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፤ ሌባም እምብዛም አይመኘውም። ነገሩ በዚህ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ፤ ዘመናዊውን ስልክ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር በሆነ ነበር።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፤ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ብዙ ሳይቈይ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም፤ ስልክ ጭምር፤ ተወደደ። መካከለኛ የሚባለው አዲስ ስልክ ከሁለት ወር ደመወዛችን የሚበልጥ ሆኖ አገኘነው። በመምህራን ዕቁብ ተራችን ደርሶ ገንዘብ በእጃችን ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ ለሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮ፤ ለልጆችም ልብስና ደብተር የታሰበ ነበር። ስልኩ ከተገዛ በኋላም ወጪው አያበቃም፤ በየጊዜው የዳታ ጥቅል መግዛት አለ። ስለዚህ ጥያቄያችን «ስልኩ መልካም ነውን?» የሚል ሳይሆን «ከጣሪያው ይቀድማልን?» የሚል ሆነ።

በሌላ በኩል ባለ ቁልፉ ስልክ የማይችላቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የሥራ ጉዳይ ነው። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የስብሰባና የፈተና ማስታወቂያ ቀድሞ በሰሌዳ ይለጠፍ ነበር፤ አሁን ግን የሚነገረው በቴሌግራም ስለ ሆነ፤ በየጧቱ ባልደረባን «ምን ተባለ?» እያልን መጠየቅ ግድ ሆኖብን ነበር። ሁለተኛው የፊደል ነገር ነው። በያዝነው ስልክ ፊደላችን አይነበብም፤ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲላክልን ባዶ ሣጥኖች ብቻ ተደርድረው ይታያሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ይልክልናል፤ በዚያም አጻጻፍ «ጠራ» እና «ተራ» አንድ ዐይነት ሆነው ይመጣሉ፤ ይህም የአማርኛ መምህር የሆነን ሰው ያሳዝናል። ፊደላችን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዐት ውስጥ ስፍራውን ስላገኘ፤ ስማርት ስልኮች ያለ ችግር ያነቡታል፤ ይጽፉታልም። በተራው አጭር መልእክት ግን አንዱ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቈጣቢ ሰው ወደ ላቲኑ ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

በአንጻሩ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በልጅነታችን ንባቡን የምንማረው ቀን በፀሐይ ሲሆን፤ የቃሉን ትምህርት ግን ማታ በጨለማ ነበር። መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት የኔታ ቃሉን ይነግሩናል፤ እኛም ተከትለን እንላለን፤ ውዳሴ ማርያምን ያጠናነው በዚህ ዐይነት ነው። እንዲህ የተጠና ትምህርት ከሠላሳ ዓመት በኋላም በመንገድም፤ በሕመም አልጋም፤ በጨለማም ይገኛል፤ ቻርጅ አያሻውም። ዛሬ ዳዊቱም ስንክሳሩም በስልክ ተጭኖ ይገኛል፤ መጽሐፉን ለመግዛት ዐቅም ለሌለው ሰው ይህ ታላቅ ጥቅም ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን በኪሱ ያለው ሁሉ በልቡ ያለ የሚመስለው ተማሪ በየክፍሉ እየበዛ ሲሄድ እናያለን። የቤት ሥራውን ከስልክ ገልብጦ አሳምሮ ያመጣል፤ ቆሞ እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።

ከዚህም የሚከብደው ነገር መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ በቤተ ክርስቲያናችን የሚጸለየው ዳዊት በ151 መዝሙር ይፈጸማል፤ የሬዲዮ ዜና እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል። ቲክቶክንና የመሳሰሉትን የሠሩት ሰዎች ግን፤ ተመልካቹ የቈየበት ዐይነት እየተመረጠ ያለ ማቋረጥ እንዲቀርብለት አድርገው ነው የሠሯቸው። ስለዚህ «ጥቂት አይቼ እተወዋለሁ» የሚል ልጅ የሚታገለው ከገዛ ስንፍናው ጋራ ብቻ ሳይሆን፤ እንዳይተወው ታስቦ ከተሠራ ነገር ጋራ ነው። ጧት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በዴስክ ላይ ራሳቸውን ጥለው የሚያንቀላፉትን ልጆች «ሌሊቱን ምን ስታደርጉ አደራችሁ?» ብለን ስንጠይቅ፤ የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው። በእኛም ቤት የ15 ዓመት ሴት ልጅና የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን።

ይህን ሁሉ ስናወጣና ስናወርድ፤ ሚዛኑን ያጋደለው የእናታችን ነገር ነው። ታናሽ እኅታችን ወደ ቤይሩት ሄዳ በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እናታችን ከእኛ ጋራ በደብረ ብርሃን ይኖራሉ፤ የልጃቸውን ፊት የሚያዩት ግን በየእሑዱ ወደ ጎረቤት እየሄዱ፤ በጎረቤታችን ልጅ ስልክ፤ ኢሞ በሚባለው መገናኛ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር በሊባኖስ ጦርነቱ በበረታ ጊዜ፤ አሠሪዎቻቸው ሲሸሹ ጥለዋቸው የሄዱ ብዙ የቤት ሠራተኞች መጠለያ አጥተው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያት ነበሩ። በኅዳር ወር የተኩስ ማቆም ስምምነት እስኪደረግ ድረስ፤ እናታችን በየማታው በጎረቤት ቤት ተቀምጠው የልጃቸውን ወሬ ይጠብቁ ነበር። ያ ደግ ቤተ ሰብ ዘንድሮ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እናታችንም ሦስት ወር ሙሉ የልጃቸውን ፊት ሳያዩ ቀሩ። እኅታችን አልፎ አልፎ በባለ ቁልፉ ስልካችን እየደወለች «ደኅና ነኝ» ብላ ትዘጋለች፤ የውጭ አገር ጥሪ ውድ ነውና። እናታችን ስልክ ግዙልኝ አላሉንም፤ ነገር ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ፤ ጥሪ እንደሚጠብቅ ሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር።

ከባለቤታችን ጋራ ስንመክር «ጣሪያው እስከ ክረምት ይታገሠናል፤ እማማ ግን ስንት ክረምት እንደሚቈዩልን ማን ያውቃል?» አለች። የነፍስ አባታችንንም ጠየቅን፤ እርሳቸውም «ልጄ፤ አስቀድመህ ዕቃውን ለማን እንደምትገዛው ወስን፤ ለራስህ ከሆነ ቈይ፤ ለእናትህ ከሆነ ፍጠን» አሉን። ከዚህ በኋላ ጉዳዩን በሁለት ጥያቄ ጠቀለልነው፤ ይህ ዕቃ ማንን ያቀርብልናል? ማንንስ ያርቅብናል? መልሱም ዕቃው በሚኖርበት ስፍራ የሚለይ ሆኖ አገኘነው። በኪሳችን ቢኖር፤ የሩቋን እኅት እያቀረበ እኛን ከልጆቻችን ያርቃል፤ በልጆቹ እጅ ቢኖር ልጆቹን ከእኛ ያርቃል፤ በቤቱ መካከል ቢኖር ግን የሩቋን ወደ ሁላችን ያመጣል።

እንዲህም ወሰንን። ስልኩ የቤቱ እንጂ የአንድ ሰው አይሆንም። ቀድሞ ባለ ገመድ ስልክ የነበራቸው ቤቶች በሳሎኑ ቡፌ ላይ፤ ዳንቴል አንጥፈው ያኖሩት እንደ ነበረ፤ የእኛም በቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ ቻርጅ የሚደረገውም በዚያው ነው፤ ወደ መኝታ ክፍል አይገባም። ባለ ቁልፉ ስልክ እንደ ቀድሞው በኪሳችን ይኖራል። የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ማታ አንድ ጊዜ እንመለከታለን። ልጆች ለትምህርታቸው የሚሹትን ሰው በተቀመጠበት በሳሎን ያያሉ፤ የማታው ጸሎት ሲደርስ ይዘጋል። ቲክቶክ አይጫንበትም። ይህም ደንብ ለልጆች ብቻ አይደለም፤ አባት ያልጠበቀውን ደንብ ልጅ አይጠብቀውምና እኛም ከደንቡ በታች ነን። የገዛነው ያገለገለ ቴክኖ ስለ ሆነ፤ ከዕቁቡ በተረፈው ገንዘብ ለልጆቹ ደብተርና ለጣሪያው እኩሌታ ቆርቆሮ ተገዝቷል።

በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችን ተሰብስበን ደወልን። እኅታችንም «ጋሼ፤ ደኅና ነኝ» አለች፤ ይህንኑ ቃል በሦስቱ ወር ውስጥ በየጥሪዋ ስንሰማው ቈይተናል። እናታችን ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው ጥቂት ከተመለከቷት በኋላ «ከስተሻል፤ ዐይንሽም ደክሟል፤ ምን ሆነሻል ልጄ?» አሏት። እርሷም በመጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን አለቀሰች። ወገቧን ከታመመች ሁለት ወር እንደ ሆናት፤ ደመወዟም እንደ ተቋረጠ ያን ጊዜ ነገረችን። ድምፅ ሊሸሽገው የቻለውን ፊት ሊሸሽገው አልቻለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን የሚመከረው ስለ ስልክ ሳይሆን ስለ መመለሷ ነው፤ የአውሮፕላኑ ትኬት ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ፤ ፓስፖርቷን ከአሠሪዋ እጅ እንዴት እንደምታወጣ እንነጋገራለን። በቤይሩት ላለው የኢትዮጵያ ቆንስላ የሚቀርበውን ማመልከቻ የ15 ዓመቷ ልጃችን በዚያው ስልክ፤ በገዛ ፊደላችን፤ ጽፋ ለአክስቷ ላከችላት። እኛ የእርማቱን ቀይ እስክሪብቶ የምንሻበት ስፍራ እምብዛም አላገኘንበትም።

ደንቡ ሳይናወጥ ይኖራል ብለን አንመካም። የ11 ዓመቱ ልጃችን የጓደኞቹን ስልክ እየጠቀሰ ከወዲሁ ይከራከረናል፤ ልጃችንም 12ኛ ክፍል ስትደርስ የራሷን መሻቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እንደ ገና ተቀምጠን እንመክራለን።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ የየቤቱ ጉዳይ ልዩ ልዩ ነው። እንጀራው በስልክ ላይ የተመሠረተ ነጋዴ ወይም ሹፌር ይህን ያህል ማሰላሰል አያሻው ይሆናል። ዘመዶቹ ሁሉ በአንድ መሶብ ዙሪያ የሚቀመጡለት ሰው ደግሞ ባለ ቁልፉን ይዞ ቢቈይ ምንም አይጐድልበትም። ልጅ ወይም እኅት በሩቅ አገር ያለችበት ቤት ግን ድምፅ ብቻ ሰምቶ «ደኅና ናት» ከማለቱ በፊት ፊቷን ቢያይ መልካም ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባለው፤ ለእኛ ያን ያህል ዘመን የሩቋን ያቀረበልን የጎረቤት ደግነት ነበርና፤ ስማርት ስልክ ያላችሁም በአጠገባችሁ ላለች ልጇን ለምትናፍቅ እናት በእሑድ ቀን በራችሁን ክፈቱላት። የሩቁን ስናቀርብ የቅርቡን እንዳናርቅ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።