ነርሷ በየት በኩል ትደግ?

በዶርማችን የማስተርስ ነገር ከተነሣ ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ አያልቅም። አንዱ «እንጀራው ያለው ኤፒዲሚዮሎጂ ላይ ነው» ይላል። ሌላው «የጤና አገልግሎት አስተዳደር ያልተማረ ቢሮ አያገኝም» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው «ድርጅት ካልተገባ ሁሉም ከንቱ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ከመካከላችን ግማሹ ነርሶች ነን። ግን እስከዛሬ አንዳችንም «ነርስነቴን ላሳድገው» ሲል አልሰማሁም፤ ወሬው ሁሉ ከነርስነት ስለሚወጣበት በር ነው። ይህች ነገር ከነከነችኝና ብዕር አነሣሁ።

ዛሪማን ያላየ ጓደኛ ካለ መጀመሪያ አገሩን ላሳየው። ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። እዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ሻይ ይጠጣል፤ ብርዱ አይጣል ነው። ከዚያ ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ ያወጣው ያ መንገድ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰውም እየወረደ ሲሄድ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን ያወልቃል። ታች ሲደርስ ማሽላ፣ ሙቀትና የወባ ትንኝ ይቀበሉታል። ዛሪማ በአዲ አርቃይ ወረዳ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ወንዙም ስሙ ዛሪማ ነው፤ ውሃውን ወደ ተከዜ ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ በሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ከቆላው ወደ ደጋው ሆስፒታል ስትላክ፣ መኪናው ያንን ጠመዝማዛ ሁሉ ሽቅብ መውጣት አለበት። ለዚያውም ቃሬዛው ከመንደሯ አስፋልት ላይ ካደረሳት በኋላ ነው።

እዚያ አካባቢ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በዚያ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው። ሴቷ ግን ሃያ ዓመት ብታገለግል «ሲስተር» ናት። እኔ በመጣሁ በሳምንቱ «ዶክተሬ፣ ዶክተሬ» ተባልኩ፤ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል! ከጎኔ ይሠሩ የነበሩት ሲስተር ግን እጃቸውን በልጁ ሆድ ላይ አሳርፈው ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ስንት ጣት ያህል እንደወረደ የሚናገሩ፣ ቀጥለውም «ልጄ፣ ዘንድሮ ሑመራ ወርደህ ነበር?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ልጁ ወርዶ ነበር።

የካላዛርን ነገር ማንሣቴ ያለምክንያት አይደለም። የደጋው ጎረምሳ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ይወርዳል፤ እርሻው ውስጥ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ የአሸዋ ዝንቧ ትነክሰዋለች። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሆዱ ግን ያብጣል። ካልታከመ ይሞታል። በአገራችን ለዓመታት የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉትን ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ ለ17 ቀን በመርፌ መስጠት ነው። መድኃኒቱ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ሰውዬው ተወግቶ የሚሄድ ሳይሆን ተኝቶ የሚታከም ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሐኪሙ ትእዛዙን የሚጽፈው በአንድ መስመር ነው። አሥራ ሰባቱን ቀን የሚወጋው፣ ትውከቱን የሚመዘግበው፣ የልብ ምቱን የሚቆጥረው፣ አልበላም ሲል የሚለምነው፣ «እኔ መሄዴ ነው፣ ከብት የሚጠብቅልኝ የለም» ብሎ በዘጠነኛው ቀን ጫማውን ሲያነሣ በር ላይ የሚይዘው ነርስ ነው። እዚህ መጥቼ ላይብረሪ ገብቼ ሳገላብጥ ስለ መድኃኒቱ የተጻፈ ሞልቷል። ስለ አስተማመሙ የተጻፈውን ፈልጌ ያገኘሁት ግን ከጣቴ ቁጥር አያልፍም። ሰውዬው በዘጠነኛው ቀን ለምን ይነሣል? ምን ሲባል ይቀመጣል? ይህንን የሚያውቁት ሲስተር ናቸው፤ ሲስተር ደግሞ ወረቀት ጽፈው አያውቁም።

ለመሆኑ ይህ ግቢ ራሱ ከምን ተነሣ? በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሺዎችን ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመትም አይደል፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው ነው ያቋቋሙት። ሐሳቡ ለጊዜው እጅግ አዲስ ነበር። አገሩ ሐኪም አልነበረውም፤ ሐኪም እስኪመጣ ሕዝቡ ከሚያልቅ ሦስት ሰው አንድ ላይ ይሠልጥን ተባለ፤ ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። አንድ ላይ ተምረው አንድ ላይ በጤና ጣቢያ ይወጣሉ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ በየቤቱ ትዞራለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። ዛሬ «የቡድን ሥልጠና» ብለን የምንወጣው የመስክ ልምምድ ከዚያ የወረደ ቅርስ ነው።

ያንን ቡድን ባሞግስ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ሦስቱ እኩል አልነበሩም። መኮንኑ በዲግሪ ወጣ፤ ነርሷ ከዚያ ባነሰ ወረቀት ወጣች። እርሱ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ነበረው፤ ከእነዚያ መኮንኖች ኋላ ሐኪም የሆኑ አሉ። የእርሷ መሰላል ግን እዚያው ቆመ። ነርሶቹ ባብዛኛው ሴቶች ስለነበሩ ማንም አልገረመውም ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ በ1971 ዓ.ም. ገደማ በላይፕሲግ ካለው የካርል ማርክስ ዩኒቨርስቲ ጋር በመተባበር ግቢው የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ለካ ያስፈልጋሉ» ተብሎ ተመለሰ። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ ሆንን። ይህን ሁሉ የምተርከው ሥርዓተ ትምህርት ሰማይ የጻፈው እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ሰው ይከፍተዋል፣ ሰው ይዘጋዋል፣ መልሶ ይከፍተዋል።

ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ወጣች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ስታነጥፍ አስቡ እንጂ! አገሯ ተመልሳ አገባች፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታልና የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለቀምትን ከዛሪማ ጋር የሚያገናኘው ነገር ርቀት ብቻ ነው፤ እውቀቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር።

ወደ ማስተርሱ ልመለስ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ በ1970ዎቹ ተጀመረ፤ ኋላም እዚህና በሌሎች ዩኒቨርስቲዎች ተስፋፋ። ነርስ ይገባበታል። ገብቶ ግን ነርስ ሆኖ አይወጣም። ስታትስቲክስ ይማራል፣ ቅኝት ይማራል፣ ዕቅድ ማውጣት ይማራል፤ ጥሩ ነው፣ እኔም እየተማርኩት ነው። ጨርሶ ሲወጣ ግን በሽተኛ የሚነካበት ሥራ የለውም፤ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ዞን፣ ወይም ድርጅት። ያቺን እጇን በሆድ ላይ አሳርፋ የምታውቀውን ነርስ «እደጊ» ስንላት «ከአልጋው ራቂ» ማለታችን ነው። ሲስተርን «ለምን አይማሩም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ማስተርስ ብይዝ ማን እዚህ ያስቀምጠኛል? ደባርቅ ወስደው ሪፖርት ሲያስደምሩኝ ይውላሉ። ታዲያ ይቺን እናት ማን ያዋልዳታል?»

«የነርሲንግ ማስተርስ እኮ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። በዚሁ ግቢ የነርሲንግ ትምህርት ቤት በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በመሳሰለው ያስተምራል፤ ወንድሞቼና እህቶቼ እየተማሩበት ነው፣ አልነቅፈውም። ብዙው ግን የሚታሰበው ለትልቅ ሆስፒታል ዋርድ ወይም ለአስተማሪነት ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ተብሎ ነው የሚቋቋም፤ ዋርድም የለው፣ ስፔሻሊስትም የለው። እኔ የምለው የሕዝብ ጤናው ዲግሪ ራሱ ይከለስና አንድ የነርስ መስመር ይጨመርበት ነው። በጤና ጣቢያ ጥቂት ዓመት ያገለገለች፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ነርስ ትግባ። ኤፒዲሚዮሎጂውን ከእኛ ጋር ትማር። አስተዳደሩን የምንማርበትን ሰዓት ግን እርሷ የአካል ምርመራ፣ የመድኃኒት ትምህርት፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል፣ የምጥ ድንገተኛ አደጋ ትማርበት። ሁለተኛውን ዓመት በከፊል ዛሪማን በመሰለ ቦታ ታሳልፍ፤ ጥናቷም ስለ አስተማመም ይሁን። ስትጨርስ መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ በእጇ ይግባ። አሁንም እኮ ታዛለች፤ ሌሊት ማን ያዛል ብላችሁ ነው?

ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሎሬታ ፎርድ የተባለች የሕዝብ ጤና ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም በኮሎራዶ ዩኒቨርስቲ እንዲህ ያለ ሥልጠና ጀመሩ። ፎርድ ሐኪም በማይደርስበት የገጠር አገር ሠርታ ስለነበር ነርሶቹ ምን እንደሚሠሩ ታውቃለች፤ የጎደለው ትምህርቱና ሥልጣኑ ነበር። ቦትስዋናም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለክሊኒኮቿ ተመሳሳይ ነርሶች ማሠልጠን ያዘች። ሩቅ ለምን እንሄዳለን? እዚሁ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ለጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ማስተርስ ተከፍቶ፣ መኮንኑ ሆድ ቀዶ ሕፃን አወጣ። «ይህማ የሐኪም ብቻ ነው» ያሉ ነበሩ። እናቲቱ ከነልጇ ስትወጣ ክርክሩ በረደ።

ከጎኔ የሚተኛው ጤና መኮንን ረቂቄን አንብቦ ተቆጣ። «ይህ የእኛ ሥራ ነው፤ እኛን ደግመው ሊዘጉን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንዴ የተዘጋ ሙያ ይፈራል። ግን እርሱ ራሱ ተመርቆ ዛሪማ መሄድ አይፈልግም፤ ነገርኩት፤ ዝም አለ። ከእርሱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ላላት ነርስ በጤና ጣቢያ የተጻፈ መደብ እኔ በሠራሁበት ዘመን አላየሁም። መደብ ከሌለ ደመወዝ የለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በየሆስፒታሉ የጤና ባለሙያው ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው በኑሮ ተጨንቆ ነው፤ «ለሕዝብ ብለሽ እዚያው ተቀመጪ» ማለት ለሌላ ሰው ቀላል ነው። ስለዚህ ቁርጡን ልናገር፤ መደቡና የደመወዝ እርከኑ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር አብሮ የማይጻፍ ከሆነ መስመሩ ባይከፈት ይሻላል። አለዚያ ሌላ የመውጫ በር ሠራን ማለት ነው፤ ሲስተርንም ራሳችን በእጃችን ደባርቅ አደረስናቸው።

እስከዚያው እኔ የተመዘገብኩት በኤፒዲሚዮሎጂ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ በመጪው ወር አስገባለሁ። የካላዛር ሕሙማን በአሥራ ሰባቱ ቀን ውስጥ ለምን ጥለው እንደሚሄዱና ነርሶች ምን አድርገው እንደሚያስቀምጧቸው ልጽፍ አስቤ ለአንድ መምህር አሳየሁ። ርዕሱን ወደዱት፤ «‹ምን አድርገው› የሚለውን በምን ትለካዋለህ?» ብለው ግን ጠየቁኝ። የዚያኑ ቀን ማታ ለሲስተር ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁለት ሰዓት ያህል አወራን። መጀመሪያ ያሉኝን ጻፍኩት፤ ጎረምሳው ጫማውን ሲያነሣ «አትሂድ» አይሉትም፤ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅለት ይጠይቁትና ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይደውላሉ። እስካሁን እንደዚህ ያለ አሥራ አንድ ነገር ነግረውኛል፤ አሥራ ሁለተኛውን ሊነግሩኝ ሲሉ ምጥ መጣባቸውና ስልኩን ዘጉት።